ከምቱ በኋላ የሚቀረው ድምፅ፦ ለሄቪ ሜታል የአጽንዖት ሲምባል አመራረጥ

(በፍራንክፈርት በአንድ የልምምድ ክፍል ለተሰበሰቡ ወጣት ድራም ተጫዋቾች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራና ከትምህርት ደክማችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ድምፁ ልግባ። ዓይናችሁን ጨፍኑና ቁጠሩ። ድምፁ ፈጽሞ ሲጠፋባችሁ አቁሙ።

(ቻይና የሚባል 18 ኢንች ወፍራም ሲምባል፣ ማለትም በድራም ዱላ፣ በስቲክ፣ የሚመታ የብረት ሳህን፤ አንድ ምት።)

ስንት ደረሳችሁ? ሰባት፣ ስምንት ሲባል እሰማለሁ። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው እህታችን ዘጠኝ አለች፤ እኔም ዘጠኝ ቆጥሬያለሁ። አሁን ሌላውን።

(18 ኢንች ስስ ቻይና፣ አንድ ምት።)

አብዛኞቻችሁ ሦስት ላይ አቆማችሁ። ዓይናችሁን ግለጡ። የሁለቱም ስፋት እኩል ነው። ሁለቱም ቻይና ተብለው በአንድ መደርደሪያ ላይ ይሸጣሉ። ሱቅ ውስጥ ለብቻቸው ሲመቱ ብዙ ሰው የሚወደው የመጀመሪያውን ነው፤ ሞላ ያለ፣ ግርማ ያለው ድምፅ አለው፤ የተከፈለበትን ገንዘብ የሚመልስ ይመስላል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ሁለተኛውን እንድትመርጡ ልለምናችሁ ነው። ለፈጣን ሜታል የአጽንዖት ሲምባል ስንመርጥ ከአጀማመሩ ይልቅ አጨራረሱን መስማት አለብን። ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ፈጅቶብኛል፤ እናንተን እንዲፈጅባችሁ አልፈልግም።

አጽንዖት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ሃይሃትና ራይድ የሚባሉት ሲምባሎች ጊዜ ይቆጥራሉ፤ የዘፈኑን ሐረግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሸክመው ይሄዳሉ። ትልልቆቹ ክራሾች የክፍሉን መጀመሪያ ያውጃሉ። ከእነዚህ ቀጥሎ ስፕላሽ፣ ቻይና፣ ስታክና ቤል የምንላቸው አሉ። እነዚህ ሥራቸው አንዲት ምት ላይ ጣት መቀሰር ነው። በጽሑፍ ቢሆን ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝና ቃለ አጋኖ ብላችሁ አስቡዋቸው። ነጠላ ሰረዝ የሚቀጥሉትን አምስት ቃላት የሚሸፍን ከሆነ ግን ዓረፍተ ነገሩ ሊነበብ አይችልም። ሲምባልም እንዲሁ ነው።

ጉዳዩን በቁጥር እንየው። በደቂቃ 200 ምት የሚሄድ ዘፈን ውሰዱ፤ ለሜታል እንግዳ ፍጥነት አይደለም። አንዱ ምት 300 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ድርብ ፔዳል የያዘው ተጫዋች ያንን ምት አራት ቦታ ሲከፍለው በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ባስ ድራሙ፣ በየ75 ሚሊሰከንዱ ይመታል፤ በሰከንድ 13 ጊዜ ያህል ማለት ነው። ያ የመጀመሪያው ቻይና ዘጠኝ ሰከንድ ቆየ። ጎላ ብሎ የሚሰማውን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰከንዶች ብቻ ብንቆጥር እንኳ 26 የእግር ምቶች ከሥሩ ይቀበራሉ። እነዚያን ምቶች ለማጥራት ስንት ወር በሜትሮኖም እንደተለማመዳችሁ እናንተ ታውቃላችሁ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ቻይናዬን የገዛሁ ጊዜ ሻጩ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደምጫወት ጠየቀኝ። ሜታል ስለው ከሁሉም የከበደውን አነሳልኝ። ሱቁ ውስጥ አንድ ጊዜ መታሁት፤ ሰዎች ዘወር ብለው አዩኝ፤ ከፍዬ ወጣሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጣሪያው ዝቅ ባለ አንድ ክበብ ውስጥ ተጫወትን። ሁለተኛው ዘፈን እንዳለቀ የድምፅ ባለሙያው ከራሴ በላይ የተሰቀሉትን ሁለቱን ማይኮች ዘጋቸው። እንዲያም ሆኖ ቻይናው አልጠፋም፤ በዘፋኙ ማይክ በኩል ገብቶ ይወጣ ነበር። በማግስቱ አንድ ጓደኛችን በስልኩ የቀረጸውን አዳመጥን። ዘፋኛችን ለወራት የደከመበት ግጥም የለም። ጊታሩ የለም። ያለው ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ አንድ የብረት ፉጨት ነው። ዘፋኙ ምንም አልተናገረኝም፤ ቀረጻውን ሁለት ጊዜ ሰምቶ ስልኩን መለሰ። ያን ዕለት ነው ሲምባልን ከራሴ መቀመጫ ሳይሆን ከሌላው ሰው ጆሮ መስማት እንዳለብኝ የገባኝ።

ይህ ለምን እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅማል። ሲምባል ሲመታ መላ አካሉ ይርገበገባል። መጀመሪያ የሚነሣው ዝቅ ያለው ድምፅ ነው። ከዚያ ኃይሉ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው እየተሸጋገረ ይሄዳል፤ ያ ሽሽታ የምንለው ሹል ድምፅ ጎልቶ የሚወጣው ከ50 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ቆይቶ ነው። ከላይ ያሰላነውን 75 ሚሊሰከንድ አስታውሱ። እጃችሁ ከእግራችሁ ጋር እኩል ወርዶ እንኳ የሲምባሉ ሹል ድምፅ የሚደርሰው ቀጣዩ የባስ ድራም ምት በሚመጣበት ሰዓት ገደማ ነው። ድምፁ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ከ3,000 እስከ 5,000 ርግብግቢት ባለው አካባቢ ይሰፍራል። እዚያ ሰፈር ማን እንደሚኖር ታውቃላችሁ? የዲስቶርሽን ጊታር፣ ድምፁ ሆን ተብሎ የሚሻክረው፣ ንክሻው እዚያ ነው። ዘፋኙ ሰ፣ ሸ፣ ተ፣ ከ ሲል ቃሉን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች እዚያ ናቸው። የእግር ፔዳሉ የሚያሰማው ጠቅታም ከዚያው አይርቅም። የሰው ጆሮ ከሁሉ ይልቅ ንቁ የሚሆነውም በዚሁ አካባቢ ነው። ስለዚህ ረጅም ቆይታ ያለው ሲምባል ባዶ ቦታ ላይ አያርፍም፤ የሰው ቤት ገብቶ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ውፍረት። ወፍራም ሲምባል ለመነሣት ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ አንዴ ከተነሣ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። ቃናው ከፍ ያለ፣ ድምፁም የጠነከረ ነው። ስሱ በቀላል ምት ይከፈታል፣ ቃናው ዝቅ ይላል፣ ቶሎም ይበርዳል። ስፋት ሲጨምር ቃናው ይወርዳል፣ ቆይታውም ይረዝማል። መካከል ላይ ያለው ጉብታ ትልቅ ሲሆን ቆይታው ይጨምራል። ለመምረጥ የሚያስፈልጋችሁ ዕውቀት ይህ ነው፤ የቀረው ጆሮ ነው።

«ሜታል ከባድ ሙዚቃ ነውና ከባድ ሲምባል ይፈልጋል» የሚለውን አባባል ከልቤ እቃወማለሁ። ማይክ በማይደርስበት ዘመንና መድረክ ትርጉም ነበረው። ዛሬ ትንሹ ክበብ እንኳ ብዙ ጊዜ ከድራሙ በላይ ማይክ ይሰቅላል። «ወፍራሙ አይሰበርም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ስፕላሽ በክንድ ኃይል ቢደቁሱት አይቆይም። ነገር ግን በመጠኑ የሳሳ ሲምባል ምቱን ተጣጥፎ ይቀበለዋል፤ ወፍራሙ አልታጠፍም ብሎ ኃይሉን በጠርዙ ላይ ያከማቻል። በእጄ ካለፉት የተሰነጠቁ ሲምባሎች ብዙዎቹ ከውፍረታቸው ይልቅ በስቲክ አመታትና በአሰቃቀል ጥፋት የሞቱ ናቸው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ልብ በሉ፣ ሁሉም ሜታል ፈጣን አይደለም። ብላክ ሳባት የተባለው ባንድ በ1970 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ድራም መቺው ቢል ዋርድ ብዙውን ጊዜ የሚመታው በዝግታ የሚራመድ፣ ትንፋሽ ያለው ሙዚቃ ነበር። ከዚያ የወረደው ዱም የሚባለው ስልት ዛሬም በዝግታው ይኮራል። በደቂቃ 60 ምት በሚሄድ ዘፈን አንዱ ምት አንድ ሙሉ ሰከንድ ነው። እዚያ ቶሎ የሚሞት ሲምባል ብትመቱ ቀዳዳ ትፈጥራላችሁ፤ ያ ቅድም የሰማነው ወፍራም ቻይና እዚያ ቢገባ ንጉሥ ይሆናል። ስለዚህ የምትጫወቱትን ዘፈን ፍጥነት ሳታውቁ ሱቅ አትግቡ። በማስታወሻችሁ ላይ ጽፋችሁ ሂዱ።

ስለ ብረቱ ጥቂት ልበል፤ ታሪኩም ስለሚያስደስተኝ። አቬዲስ የተባለ አርመናዊ የብረት ባለሙያ በቁስጥንጥንያ የራሱን የሲምባል ሥራ የጀመረው በ1623 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸውም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ቤተሰቡና ሥራው የሚጠሩበት ዚልጂያን የሚለው ስም ራሱ ሙያውን ይናገራል፦ ዚል በቱርክኛ ሲምባል ነው፣ ጂ ሠሪ ማለት ነው፣ ያን ደግሞ በአርመኖች ስም መጨረሻ ላይ የሚገባው የልጅነት ምልክት ነው፤ የሲምባል ሠሪው ልጅ። ሥራው በ1929 ወደ አሜሪካ፣ ወደ ማሳቹሴትስ ተሻገረ። ከቤተሰቡ አንዱ ሮበርት ዚልጂያን በ1981 ካናዳ ውስጥ ሳቢያን የተባለውን ሲምባል ሠሪ ድርጅት አቋቋመ፤ ስሙን ያገኘው የሦስት ልጆቹን፣ የሳሊን፣ የቢሊንና የአንዲን ስም መጀመሪያዎች አያይዞ ነው። የዘር ሐረጉ ከኢስቶኒያ የሚመዘዘው ሌላው ሲምባል ሠሪ ፓይስቴ በስዊዘርላንድ፣ በኖትዊል ይሠራል። ማይንል ደግሞ በ1951 የተመሠረተ የዚሁ የጀርመን፣ የባቫሪያ ልጅ ነው። የአርመኖችን ነገር ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው፣ እኛ «አርባ ልጆች» የምንላቸው ወላጅ አልባ ሙዚቀኞችም አርመኖች ነበሩ፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ለዓለም ሲምባል የሠራ ሕዝብ ለእኛ ደግሞ የናስ መሣሪያ ሙዚቃን በማስተማር ባለ ውለታ ነው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይሞቃል።

ጥሩ ሲምባል የሚሠራው ከነሐስ ነው፤ ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ሲቀላቀሉ ነው። ቆርቆሮ ስል የቤት ጣሪያ የምናለብሰውን አይደለም፤ እሱ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። እኔ የምለው ለስላሳውን ነጭ ማዕድን ነው። አንደኛው ቅይጥ 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ቆርቆሮ አለው፤ ቢ 20 ይሉታል። ሁለተኛው 92 በመቶ መዳብና 8 በመቶ ቆርቆሮ ነው፤ ቢ 8 ይባላል። ቢ 20 ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ ጠቆር ያለና ሰፊ ነው። ቢ 8 ጠበብ ያለ፣ ብሩህና ቀጥተኛ ነው። ቢ 8 ለርካሽ ሲምባል ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች በ1971 የወጣው «2002» የተባለው የፓይስቴ ሲምባል በዚሁ ቅይጥ መሠራቱንና በሮክ ዓለም ስሙ የገነነ መሆኑን ይረሱታል። ስለዚህ በስሙ አትፍረዱ። እኔ ቻይናና ስታክን በቢ 20፣ ስፕላሽን በቢ 8 እወዳለሁ፤ ይህ ግን የእኔ ጆሮ ነው።

አሁን ቻይናውን ላንሣ። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጠርዙ ወደ ላይ ተመልሷል፤ ጉብታውም እንደ ሌላው ሲምባል ክብ አይደለም፣ አናቱ ጠፍጣፋ ነው። መነሻው የቻይና ሲምባል ነው፤ በቤጂንግ ኦፔራ የሚጋጩት ሳህኖች ዘመድ። የተመለሰው ጠርዝ ድምፁን ይሰብረዋል፤ ያ የሚያጓራ፣ የሸካራ ድምፅ ከዚያ ይመጣል። ሜታል የወደደውም ለዚህ ነው፤ ክራሽ ይፈካል፣ ቻይና ያገሳል። ለፈጣን ሙዚቃ 16 ወይም 18 ኢንች ስሱን ውሰዱ። 20 ኢንች የሚያምረው ጊታሮቹ በሚያዘግሙበት ክፍል ነው። በዉሃን ከተማ በእጅ የሚቀጠቀጡት ቻይናዎች ዋጋቸው ከታዋቂዎቹ በጣም ያነሰ ነው፤ ድምፃቸው ደግሞ ቶሎ ያገሳል፣ ቶሎ ይሞታል። እኛ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ችግራቸው አንዱ ከሌላው አለመመሳሰሉ ነውና አምስት ስድስቱን ሳትመቱ አትግዙ።

ቻይናን ገልብጣችሁ ስቀሉት፤ አናቱ ወደ ታች፣ የተመለሰው ጠርዝ ወደ ወለሉ እንዲያዘነብል። ያኔ ስቲኩ የሚያርፈው በክርኑ ላይ ነው፤ በስለቱ ላይ አይደለም። ሳይገለብጡ የሚመቱ ሰዎች የጠርዙን አፍ በቀጥታ ይመታሉ፤ በዓመት ውስጥ ይሰነጠቃል። ይኸው ይህን እዩ። (አንድ የተሰነጠቀ ቻይና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።) ጥፍራችሁን በጠርዙ ላይ አስሂዱ፤ የሚይዛችሁ ቦታ አለ። ከዚያ ተነሥቶ በክቡ መንገድ ሁለት ጣት ያህል ሄዷል። አሁን መካከሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ ተመልከቱ። ክብ አይደለም፤ በአንድ ወገን ተበልቶ የቁልፍ ቀዳዳ መስሏል። ባለቤቱ የፕላስቲክ እጀታውን አላደረገበትም ነበር፤ ብረት በብረት ሲፋቅ እንዲህ ይሆናል። ሳንቲም የማያወጣ እጀታ ነው ይህን ሁሉ ያደረሰው። ከሥሩም ከላዩም ለስላሳ ጨርቅ ይኑር፤ የክንፍ ብሎኑን አታጥብቁ። ሲምባሉ ከተመታ በኋላ እንደ ጀልባ ሲወዛወዝ ማየት አለባችሁ።

በቻይና ነገር የኡሜዮውን ባንድ ሳላነሣ አላልፍም። ሜሹጋ በ1987 በስዊድን፣ በኡሜዮ የተመሠረተ ባንድ ነው፤ ድራም የሚመታው ቶማስ ሃኬ ነው። ጊታሮቹና ባስ ድራሙ አብረው ጎዶሎ በሆነ ዙር ይሽከረከራሉ፤ ዙሩ ከአራት ምት ጋር አይገጥምም፣ በየጊዜው ይንሸራተታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው መሬት ከእግሩ ሥር የሄደ ይመስለዋል። ነገር ግን ቀኝ እጁን ስሙ። ቻይናው ወይም ክፍት ሃይሃቱ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ሳይዛነፍ ይሄዳል። ራሳችንን የምንነቀንቀው በዚያ እጅ ነው። እዚህ ላይ የአጽንዖት ሲምባል የሰዓት ቆጣሪውን ሥራ ተረክቧል። ያ ቻይና በየምቱ መካከል ካልበረደ ምን ይሆን ነበር? አራቱ ምቶች ተያይዘው አንድ ጭጋግ ይሆኑና ሰሚው የሚይዘው ምሰሶ ያጣ ነበር። አጭር ቆይታ ሙዚቃውን ራሱን ይሸከማል የምለው ለዚህ ነው። ቤታችሁ ስትገቡ አንዱን ዘፈናቸውን ክፈቱና በጣታችሁ ጠረጴዛ ላይ ቀኝ እጁን ብቻ ተከተሉ።

ወደ ስታክ እንሂድ፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ስታክ ማለት ሁለት ሲምባል አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ በአንድ ዘንግ ማሰር ነው። ሁለቱ ሲነካኩ አንዱ የሌላውን ርግብግቢት ይገድለዋል።

(ስታክ፣ አንድ ምት።)

አንድ ሳትሉ አለቀ። ይህን ድምፅ ስሰማ ልጅ ሆኜ በማኅሌት የቆምሁበት ሌሊት ይመጣብኛል። ጸናጽል በደብተራው እጅ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ቅጠሎቹ ይጋጫሉ፤ እጁ ሲቆም ድምፁም አብሮ ይቆማል። ከበሮው ገና እያስተጋባ ጸናጽሉ ዝም ብሏል፤ ስለዚህ የዜማው ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። ሁለቱ መሣሪያዎች ዝምድና የላቸውም፤ ጆሮዬ ግን የደረቅ ብረት ድምፅ ምን እንደሚጠቅም መጀመሪያ የተማረው እዚያ ነው።

ድሪም ቲያትር የተባለው ባንድ ድራም መቺ ማይክ ፖርትኖይ ከሳቢያን ጋር ሆኖ በስሙ የተደራረቡ ሲምባሎችን አውጥቷል፤ ዛሬ ሌሎቹም ሠሪዎች ተዘጋጅቶ የተደረበ ይሸጣሉ። ነገር ግን ስታክን ገዝቶ መጀመር ግድ አይደለም። ቅድም ያዞርሁላችሁን የተሰነጠቀ ቻይና አስታውሱ። ከሥር እሱን ገልብጬ አስቀምጣለሁ፤ ከላዩ ጠርዙ የተበላ 10 ኢንች ስፕላሽ አደርጋለሁ። አሁን የመታሁት ስታክ ይህ ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው ሞተዋል፤ ስንጥቁ ድምፃቸውን ስላሳጠረው ለዚህ ሥራ ይበልጥ ተስማምተዋል። አገር ቤት ላሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይህን ንገሩልኝ፤ የተሰነጠቀ ሲምባል እንዳይጥሉ። ስለቱ እጅ እንዳይቆርጥ ብቻ ጠርዙን በሞረድ ያለስልሱት።

የስታክ ሌላው በረከት በብሎኑ መገዛቱ ነው። ብሎኑን ስታጠብቁ ይደርቃል፣ ወደ ጭብጨባ ይጠጋል። ስታላሉት ይንሿሿል። በአንድ ማታ ውስጥ ለፈጣኑ ዘፈን ማጥበቅ፣ ለዝግተኛው ማላላት ትችላላችሁ። እንዲህ የሚታዘዝ ሌላ ሲምባል አላውቅም።

ስፕላሽና ቤል ላይ አልቆይም። ስፕላሽ ከ6 እስከ 12 ኢንች ነው፤ ለሜታል 8 ወይም 10 ይበቃል። ከ8 ያነሰው በሁለት ጊታሮች መካከል አይሰማም። ቦታው በሁለቱ ቶሞች፣ ማለትም ፊት ለፊት ባሉት ከበሮዎች መካከል፣ ለእጅ ቅርብ ይሁን። በ75 ሚሊሰከንድ ውስጥ ክንዳችሁ የሚሄድበትን ርቀት አስቡ፤ ርቆ የተሰቀለ ስፕላሽ ጌጥ ነው። ከላይ ወደ ታች አትደቁሱት፤ አቋርጣችሁ ጠረግ አድርጉት፤ ስቲኩ ነክቶ ያልፍ እንጂ ውስጡ አይቅር። ስለ አመታት ማዕዘን እመለሳለሁ ያልሁት ይህን ነው፤ ለክራሹም ለቻይናውም ይሠራል።

ቤል ትንሽና እጅግ ወፍራም ነው፤ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል። እዚህ ላይ ያልሁትን ሁሉ የሚጥስ ሲምባል ነው፤ ቆይታው ረጅም ነው። ነገር ግን ድምፁ ጠባብ ስለሆነ ሌላውን አይሸፍንም፤ በመካከል እንደ ክር ያልፋል። ጣጣው ሌላ ነው፤ ቤል የሚታወቅ የዜማ ድምፅ አለው። ዘፈኑ በአንድ ቅኝት ሲሄድ ቤሉ ከቅኝቱ ውጭ ከሆነ ሕመም ነው። ስትገዙ ጊታር ተጫዋቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ አገዛዙ። የራሳችሁን ስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። ሲምባሉን አንድ ጊዜ በኃይል፣ አንድ ጊዜ በቀስታ ምቱ፤ በቀስታ ሲመታ የማይከፈት የአጽንዖት ሲምባል ለእኛ አይሆንም። ቁጠሩ። ከዚያ ጓደኛችሁ እንዲመታ አድርጉና አሥር እርምጃ ራቁ። ከመቀመጫችሁ ላይ የሚያስደነግጣችሁ ሲምባል ከሩቅ ሲሰማ ሌላ ነው፤ ቅድም ስለ ስልኩ ቀረጻ የነገርኳችሁ ይኸው ነው። ያገለገለ ከሆነ በብርሃን ፊት አቁሙትና ጠርዙንና ቀዳዳውን እዩ፤ ጥፍራችሁን አስሂዱ። ከሁሉም በላይ የምትገዙትን አሁን ካላችሁ ክራሽ ጋር አከታትላችሁ ምቱ። ሁለቱ ከተመሳሰሉ አጽንዖት አልገዛችሁም፣ ሁለተኛ ክራሽ ገዛችሁ።

ጆሮ መድፈኛ ያልያዘ አለ? እጃችሁን አውጡ። አራት ሰው። በሣጥኑ ውስጥ አለ፤ አሁኑኑ ውሰዱ። ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው፤ በ85 ዴሲቤል ስምንት ሰዓት መሥራት ይቻላል ይባላል፤ በየሦስት ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ የሚቀራችሁ 15 ደቂቃ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቻይና ፊታችሁ አጠገብ ሲመታ ከዚያ ያልፋል። ዛሬ እስካሁን ስለ ጆሮ ነው የተናገርሁት፤ ጆሮው ከጠፋ ምን እንመርጥበታለን?

ጥያቄ አለ? እዚያ ጋ። «ጋሼ፣ ገንዘቤ ለአንድ ብቻ ቢበቃ የቱን ልግዛ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ምን ያህል ፍጥነት ትጫወታለህ? 180። ጊታር ስንት ነው? ሁለት። እንግዲያው ስሱን 18 ኢንች ቻይና ግዛ። ለስታክህ ደግሞ ገንዘብ አታውጣ፤ በየልምምድ ክፍሉ ጥግ የተጣለ የተሰነጠቀ ሲምባል አይጠፋም፤ ለምነህ ውሰድ። ስፕላሹ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።

ሌላ? «ባንዱ የማይወደው ከሆነስ?» ይህን የሚመልሰው ባንዱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ስለዚህ እንሞክረው። ጊታሮቹ እዚህ ናቸው፣ ማጉያዎቹም ሞቀዋል። አንተ ወንድሜ፣ ና ተቀመጥ። መጀመሪያ በወፍራሙ ቻይና፣ ከዚያ በስሱ፣ ከዚያ በስታኩ፣ ያንኑ ስምንት መስመር ሦስት ጊዜ ምታ። እህታችን፣ አንቺ ዘጠኝ የቆጠርሽው፣ ከእኔ ጋር ነይ። በሩን ዘግተን ኮሪደሩ ላይ ሆነን እንሰማለን፤ የባስ ድራሙ ምቶች አንድ በአንድ የሚቆጠሩት በየትኛው እንደሆነ ትነግሪናለሽ።